የጓሮው መተላለፊያ

ልጄ ቃልኪዳን፣ እመቤቴ ማርያም በሄድሽበት ትቅደምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ የመርሳ ገበያም ተከፍቷል።

ለከንቲባነት እወዳደራለሁ የሚሉት አቶ ዘውዱ ትናንት ሰብስበውን ነበር። የጓሮ መተላለፊያዎች ይዘጋሉ፣ መሬቱ ለጎረቤቱ ይከፋፈላል፣ አስፋልት ዳር ፎቅ ይሠራል ሲሉ ሰዉ አጨበጨበ። ጎረቤታችን ወርቅነሽ፣ "እንግዲህ ጓሮሽ ሰፋልሽ፤ ፎቅሽን ገትሪ!" ብላ ጎሸመችኝ።

እኔ ግን ተነሣሁ። "አቶ ዘውዱ፣ ታጣቂዎቹ የፊት በሬን በጥይት ሲበሱት በጓሮ መተላለፊያ አመለጥኩ። ልጄ አበባው የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ ከጋራዡ ጀርባ ያለው መተላለፊያ በግንብ ተዘግቶ ነበር። ግንቡን ሲዘል ሆዱን በጥይት ዘረገፉት። ሬሳውን እንዳናነሣ እየተኮሱብን እዚያው ተንጠልጥሎ አደረ። አሁን የሚዘጉት የማንን ልጅ መውጫ ነው?"

"እናቴ፣ ጦርነቱ እኮ አለፈ" አሉኝ።

"ያኔም አይመጣም ብላችሁን ነበር" አልኳቸው።

ወርቅነሽ ነጠላዬን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ እሷም ታለቅሳለች።

የቀረሽኝ አንቺ ነሽ፤ እግዚአብሔር ለአገርሽ ያብቃሽ፣ ክፉ አይንካሽ። ብዙ አላስቸግርሽም፤ የምትኖሪበት ቤት የኋላ በር እንዳለው ብቻ ጻፊልኝ።

እናትሽ በላይነሽ