ፊቱን ወደ መኪናዎ ስላዞርነው ሶላር

ለክቡር ዶክተር እንዳልካቸው፣
የንጹሕ ኃይል ተደራሽነትና የአየር ንብረት ፖሊሲ ከፍተኛ አማካሪ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ከአንዱ አገር ስብሰባ ወደ ሌላው ሲበሩ ድካሙ እንደማይጠናብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ከከላላ ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ የምንርቀው እኛ፣ ከኩፍኙ በቀር ደኅና ነን።

እታገኘሁ እባላለሁ። በሪፖርትዎ ሽፋን ላይ ከሶላሩ አጠገብ ነጭ ጋውን ለብሼ የቆምኩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ፤ ከፎቶው ሥር “ተጠቃሚ” ተብሎ ስለተጻፈ፣ ስሜን በመፈለግ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። እርስዎ ቁጥር እንደሚወዱ ስለሰማሁም አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ግንቦት፣ በምርቃቱ ዕለት፣ ቴክኒሻኑ የክትባት ፍሪጃችንን የሚያሠራውን ሶላር እንደሚገባው ወደ ደቡብ አድርጎ ተክሎት ነበር። የቀበሌያችን ሽማግሌ አቶ ንጉሡ ግን መኪናዎ በሰሜን በኩል እንደሚመጣ ሲያውቁ አፈሩ፤ ለእንግዳ ጀርባ መስጠት በእኛ ዘንድ ነውር ነውና ወደ መንገዱ ይዙርልን ብለው ለመኑ። አቶ ንጉሡ ፊደል አልቆጠሩም። እርስዎ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የፀሐይን ነገር ያጠኑ ሰው ሆነው፣ ቴክኒሻኑ ሲቃወም እየሰሙ፣ ለፎቶ ያምራል ብለው ስላስዞሩት ከልብ እናመሰግናለን።

፪. ማንም እንዳይነካው በሽቦ አሳስረው በማኅተም ስላሳሸጉልንም እንዲሁ። ከኅዳር ወዲህ ይስተካከልልን ብዬ አራት ደብዳቤ ጽፌአለሁ። የፕሮጀክት ቢሮዎ ጉዳዩ በጥናት ላይ መሆኑን ገልጾ፣ ማኅተሙን የሚነካ ሰው እንደሚከሰስ በአክብሮት አሳስቦኛል።

፫. ክረምቱን እንደምንም ሠራ። ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል ግን ፍሪጁ መሞቅ ጀመረ፣ ከከላላ በበቅሎ ያስመጣሁትን ክትባትም ሦስት ጊዜ ጣልኩ። ሀናን የምትባል እናት ልጇን አዝላ ሁለት ሰዓት እየተጓዘች መጥታ ሁለት ጊዜ እንዲያው መለስኳት። በሦስተኛው በሩ ላይ ቆማ፣ “እታገኘሁ፣ ዛሬም ሞቀ?” አለችኝ። አዎ አልኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጇን ኩፍኝ ያዘው። ተርፏል፤ ግራ ዓይኑ ግን አያይም። ይህንን በምን ዓይነት የአክብሮት ቃል እንደምጽፍልዎ ስላላወቅሁ፣ መናደዴን ብቻ እገልጻለሁ።

፬. በዚያው ሰሞን በውጭ አገር መድረክ ላይ፣ ፎቶአችንን ከኋላዎ አሰቅለው፣ የድሃ አገር ሕዝብ ስለሚያገኘው ኃይል ራሱ ሊደመጥ ይገባል ሲሉ በስልኬ አየሁዎ። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበልዎ። አራቱን ደብዳቤዎቼን ያነበቡ መስሎኝ እኔም ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ የቤትዎ ፍሪጅም ለአንድ ቀን እንኳ እንዳይሞቅብዎ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን በመለመን፣

የዘወትር አክባሪዎ
እታገኘሁ
ከጤና ኬላው

ማስታወሻ፦ ትናንት ጠዋት ማኅተሙን በፒንሳ ቆርጬዋለሁ፤ አቶ ንጉሡ ምሰሶውን ይዘውልኝ ሶላሩን ወደ ደቡብ አዙረነዋል፤ ፍሪጁም ቀዝቅዟል። ለመክሰስ ሰው ቢልኩ አልደበቅም፣ ሥራዬ ላይ ያገኙኛል። ማክሰኞ ብቻ እንዳይልኩብኝ፤ ማክሰኞ ሃምሳ ሦስት ልጆች እከትባለሁ።