በሙዚቃህ ውስጥ የሰማሁት መጋዝ

ለማይረሳኝ፣ ግን ነገር ለሚደብቀኝ ልጄ፤

እንደምን አለህልኝ? ብርድ ሲመጣ የሚያፍንህ ደረትህስ ተሻለው? ባለቤትህ፣ ልጅህ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው። ይኼን የምጽፍልህ በራሴ እጅ፣ ጣውላ በማሰምርበት እርሳስ ነው። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ልጻፍልህ ብሎኝ ነበር፤ የቤቴን ነገር ለምን ይወቅ ብዬ እምቢ አልኩት። ፊደሌ ቢንጋደድ ችለህ አንብብ፤ እንጨት ሲሆን ቀጥ አድርጌ እቆርጣለሁ።

በሰው እጅ የላክኸው ሲዲ ደረሰኝ። ጃዝና የኮምፒውተር ድምፅ ከየአገሩ ሙዚቃ ጋር አቀላቅዬ የሠራሁት አልበም ነው ብለሃል። ማጫወቻ ስለሌለኝ ፀጉር ቤቱ ወሰድኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ተበላሽቶ መጥቷል ብዬ ጠርጥሬ ነበር። እንደ ንብ እምምም ይላል፣ ይላል፣ ዘፈኑ አይጀምርም። አንዴ ጥሩንባ ብቅ ይልና የገባበት ይጠፋል። የማላውቀው አገር ከበሮ ሁለቴ ይመታና ይተኛል። ሊላጭ የተቀመጠ ሰውዬ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው ብሎ ጠየቀ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ፣ አባባ፣ ይኼ እኮ ቤት ውስጥ እንደ አየር የሚለቀቅ ነው አለኝ። አየርማ ሞልቶኛል ልለው ብዬ ተውኩት፤ ልጄን ማሳማት አልወደድኩም።

አራተኛው ዘፈን ላይ ግን ከወንበሬ ተነሳሁ። ክርርር ጠቅ፣ ክርርር ጠቅ። ጥርሱ የወለቀው መጋዜ! አርባ ዓመት የያዝኩትን አላጣውም። ፀጉር አስተካካዩ፣ ይኼ በኮምፒውተር የተፈበረከ ድምፅ ነው እያለ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ሄጄ መጋዙን አመጣሁና የወንበሩን እግር መቁረጥ ልጀምርለት ስል አመነኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። እናትህ ከማረፏ በፊት በነበረው ዓመት አንተ ልትጠይቀን ስትመጣ፣ የሥራ ቤቴ በር አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አንድ ትንሽ ጥቁር ነገር አስቀመጥክ። ምንድን ነው ብልህ፣ ባትሪ ነው አባዬ አልከኝ። ባትሪ! ለካ ጆሮ ያለው ባትሪ ነው። በገዛ ቤቴ የወለድኩት ልጅ ሰለለኝ።

እሺ፣ መጋዙን መርቄልሃለሁ። የማልተወው ቀጥሎ ያለውን ነው። መጋዙ እየሄደ ሳለ እናትህ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ይኼ ግትር ሰውዬ እኮ…» ትላለች። ሳቋን አፍና ስትናገር የማውቀው ድምፅ ነው። ወዲያው ያ ጥሩንባህ መጥቶ ይሸፍናታል። ሰባት ጊዜ አስደገምኩት፤ ሰባቴም ጥሩንባው ቀደመኝ።

ምን ነበር ያለችው? ሆን ብለህ ነው የሸፈንከው? ሰድባኝ እንደሆነ እንዳይከፋኝ ብለህ ነው? አመስግናኝ ከሆነስ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ባሰ። በሕይወቷ ስትናገረኝ መጋዙን አቁሜላት አላውቅም። ስጨርስ ምን አልሽ ስላት፣ ተወው፣ አለፈ ትለኝ ነበር።

አሁን አቁሜያለሁ። መጋዙን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ማጫወቻም ገዝቼ ሣጥን ሠርቼለታለሁ። ስለዚህ ጥሩንባውንም ንቡንም አውጣና የዚያን ቀኑን ድምፅ እንዳለ ላክልኝ። ስድብም ቢሆን ስድቡ የኔ ነው።

ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ። ያቺን ተንኮለኛ የልጅ ልጄን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አያትሽ ያንን ንብ እስከ መጨረሻው ሰማው በላት። ለአማትህም እጅ ንሣልኝ። ከዚህ ወገን ሰላም የሚልህ እኔ ብቻ ነኝ። የእናትህ ቃል አንተ ዘንድ ነው ያለው፤ አድርስልኝ።

አባትህ
ከሥራ ቤቴ፣ ከበሩ አጠገብ
ኅዳር 14 ቀን