ሁለት ዓመት ለአንድ ወረቀት

ሰኞ

ተቀብለውኛል! ደብዳቤው ከአዲስ አበባ አሰበ ተፈሪ እስኪደርስ ብዙ ቆይቷል። በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ እዚያ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ካልተገኘሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የቀረኝ ስምንት ቀን ነው።

ሁለት ዓመት የሞተርና የኤሌክትሪክ ትምህርት፣ ከዚያ የምስክር ወረቀት። ማደሪያና ምግብ አለ። ደሞዝ የለም። እኔ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሚስትና ልጅ አለኝ፤ የሐጂ ሙሜን የወፍጮ ሞተር ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ለአስካለ አነበብኩላት። የልጃችንን የጽጌን ፀጉር እየሠራች ነበር። "እንኳን ደስ አለህ" አለችና ሹሩባውን ቀጠለች። ሌላ ምንም።

ማክሰኞ

ሐጂን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። ሳቁ። "ወረቀት ሞተር ያስነሳል እንዴ? አንተ ጆሮህን አስጠግተህ በሽታውን ታውቃለህ። ወላሂ፣ ይበቃሃል።" ከዚያ ሳቁን ተዉት። ሌላ ሰው ከቀጠሩ ቤቱም ለእሱ እንደሚሆን ነገሩኝ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ከወፍጮው ጀርባ ያለችው ቤታችን የሞተረኛው ቤት ናት።

የማጣው፦ ሥራዬን። ቤቱን። የጽጌን ሁለት ዓመት።
የማገኘው፦ ማኅተም ያለበት ወረቀት።

እውነቱን ልጻፍ፤ ያመለከትኩት በንዴት ነው። አምና ለከተማው መብራት ሞተር ሠራተኛ ሲፈለግ፣ ግርማ የሚባል የሃያ ዓመት ልጅ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ሥራውን ወሰደው። እኔን ምን ትችላለህ ብሎ የጠየቀኝ እንኳ የለም። ልጁ ግን ጨዋ ነው። "ጋሼ በቀለ" ነው የሚለኝ። ማመልከቻዬን በእንግሊዝኛ የጻፈልኝም እሱ ነው።

ረቡዕ

ቦርደዴ ዋልኩ። አንድ እርሻ ላይ የውሃ መሳቢያቸው ቆሞባቸው በመኪና መጥተው ወሰዱኝ። ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት።

ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ሞተር ይነሣል። ድምፁ ጤነኛ ነው። ውሃ ግን የለም። ኤሌክትሪኩ ወደ መሳቢያው አይደርስም። ፈታሁ፤ ገጠምኩ፤ እንደገና ፈታሁ። ከሞተሩ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ሰጡኝ። መስመርና ምልክት ብቻ። ዘቅዝቄ ይዤው ቢሆን እንኳ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግርማን አስመጡት። የመጽሐፉን ሥዕል ዘረጋ፤ በጣቱ ተከተለው፤ ሁለት ሽቦ አለዋወጠ። ውሃው መጣ። "ጋሼ፣ ችግሩ የሞተሩ ቢሆን ኖሮ እኔ ነበርኩ እርስዎን የማስጠራው" አለኝ፣ ሊያጽናናኝ።

ወረቀቱ ማኅተም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጆሮ የማይሰማው ነገር አለ። አፈርኩ።

ሐሙስ

ሁሉንም ለአስካለ ነገርኳት፤ ማፈሬንም ጭምር።

"ዝም ያልኩህ ንዴትህ እስኪበርድ ነው" አለች። "በንዴት የሄደ በወሩ ይመለሳል። አሁንስ ትፈልገዋለህ?"

"እፈልገዋለሁ።"

"እንግዲያው ሞተሩን እኔ እይዘዋለሁ።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እውነቷን ነው፤ ምሳ ስታመጣልኝ፣ እኔ እስክበላ ሞተሩን የምትጠብቀው እሷ ናት። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጋ ሲላላ ከእኔ ቀድማ ትሰማለች። ማስነሳት ግን ሌላ ነው። በእጅ የሚዞረው ብረት ወደ ኋላ ከመታ ክንድ ይሰብራል። የእኔን አንዴ ሰብሮታል።

ሥራ ስንዘጋ አስተማርኳት። አራት ጊዜ ሞከረች። አልተነሣም።

ዓርብ

ሐጂ ለጁምዓ ሲሄዱ እንደገና ሞከርን። ሁለት ጊዜ ተነሣላት! መዳፏ ተልጧል። "ይሄ ምንም አይደል" ትላለች። እጇን ግን ከእኔ ትደብቃለች። ባልሄድስ? ዛሬ ሦስት ጊዜ አሰብኩት።

ቅዳሜ

አንድ ጊዜ ብቻ ይዩዋት ብዬ ሐጂን ለመንኳቸው። "ሴት? ሰው ምን ይለኛል?" አሉ። ያም ሆኖ ሊያዩ በሩ ላይ ቆሙ።

ከመሰላ ገጠር ማሽላ ጭነው የመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል። አስካለ ነጠላዋን አውልቃ ጽጌን አስያዘቻት። አንድ ዙር። ሁለት። ብረቱ ወደ ኋላ መታ! እሷ ግን ቀድማ ለቃው ነበር። ልሮጥ ስል በዓይኗ መለሰችኝ። እንደገና ያዘችው። ሞተሩ ሳል ሳል አደረገውና ተነሣ።

ከሰልፉ አንዲት ባልቴት "ጀባዹ!" ብለው ጮኹ፤ በርቺ ማለታቸው ነው። እልልታው ከሞተሩ ድምፅ በለጠ።

ሐጂ ዱቄቱን በጣታቸው ዳሰሱ። "ልሟል" አሉ። እጃቸውን አራግፈው፣ "እሺ፣ አንቺ እስካለሽ ቤቱ ያንቺ ነው።"

"ደሞዙስ?" አለች አስካለ። እኔ ያልደፈርኩትን!

"ያው የእሱ" አሉ፤ አሁን ከልባቸው እየሳቁ።

ሰኞ

ሚኤሶ፣ ባቡር ጣቢያ። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። ጽጌ ስሰናበታት አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ስመለስ ስድስት ዓመቷ ይሆናል። ይህን የሚመልስ ወረቀት የለም። ቢሆንም ትኬቱን ቆርጫለሁ።

ማክሰኞ

አዲስ አበባ። በሩ ላይ የሚመዘግበው ሰው "የሚያስመዘግቡት ልጅ የት አለ?" አለኝ። "ተማሪው እኔ ነኝ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ስሜን ጻፈ።

ክፍሉ በልጆች የተሞላ ነው። መምህሩ ሰሌዳውን ሙሉ ሥዕል ሣለበት። ሌሎቹ ፈጥነው ገለበጡ። እኔ ሲደወል ገና ግማሹ ላይ ነበርኩ። ሁሉም ወጡ። መምህሩ ሊያጠፋው ዳስተሩን አነሣ፤ አየኝ፤ መልሶ አስቀመጠውና በሩን ገርበብ አድርጎልኝ ወጣ።