ያወቁትን ለምን ከሕዝቡ ደበቁ?

ውድ የኔታ ገብረ ሊባኖስ፣

ጤናዎን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ ስለገባሁ ይቅር ይበሉኝ። ተቆጥቻለሁ።

ስቅለት ዕለት፣ ሕዝቡ ሲሰግድ ውሎ ሊያርፍ ሲቀመጥ፣ «ጌታን የሰቀሉት የአይሁድ ዘር ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጧል» አሉ። ስም አልጠሩም፤ መጥራትም አላስፈለገዎትም። አያቶቿ ቤተ እስራኤል ነበሩ የምትባለው ሸክላ ሠሪዋ ውባንተ ከሴቶቹ መጨረሻ ነበረች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ማሰሮዋን የሚገዛ ጠፋ። እርስዎ ደግሞ ከትንሣኤ በኋላ ገዳም ገቡ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ እናቷ አመተ ጊዮርጊስ ሞቱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጾሙ፣ የቆረቡ ሴት ናቸው። መቃብር ሊቆፍር የመጣ አልነበረም። እኔና ወንድሟ በዝናብ ቆፈርን። ውባንተ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ፣ «ዲያቆን፣ እናቴ ማንን ሰቀለች?» አለችኝ። አካፋዬን አንሥቼ አፈሩን መመለስ ጀመርሁ።

የኔታ፣ እኔን ያስተማሩኝ ምን ነበር? እመቤታችን አይሁዳዊት መሆኗን፣ ጴጥሮስም ጳውሎስም አይሁድ መሆናቸውን፣ ጌታ በስምንተኛው ቀን መገረዙን። ሐዋርያት ከዕርገቱ በኋላም ለጸሎት ወደ ቤተ መቅደስ ይወጡ ነበር ብለውኛል። ሁለቱ ወገኖች እንደ አንድ ቤት ልጆች ሲጣሉ፣ ሲታረቁ ኖረው፣ ቀስ በቀስ ነው የተለያዩት ብለውኛል። ቅዳሜን የምናከብረውስ ከማን ወርሰን ነው? ይህን ሁሉ ለእኔ በጉባኤ ቤት ነገሩኝ፤ ለሕዝቡ ግን ጥላቻውን ሰጡት።

ያለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ይህንኑ ተናገርሁ። ብዙዎቹ አጉረመረሙ። ገበሬው አያ ፈንታው ተነሡ።

«ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«ከየኔታ ነው የተማርሁት።»

«እሳቸው ያውቁ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

አያ ፈንታው በትራቸውን ተደገፉ። «እኔ ከቀብሩ የቀረሁት እሳቸውን አምኜ ነው። ታዲያ ለምን ለእኛ አልነገሩንም?» አሉ።

ውባንተ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ፍላቂት ከተማ ልትሄድ ነው። እስከ ፍልሰታ እንድትቆይ ለምኜ እሺ አሰኝቻታለሁ። መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። ይምጡና ስቅለት ዕለት በቆሙበት ቦታ ቆመው ለአያ ፈንታው ይመልሱላቸው። ደብዳቤ እንዳይልኩ፤ እኔ አላነብላቸውም።

ፊደል ያስቆጠሩት ልጅዎ፣
ዲያቆን ደግሰው