አሁን ዝጋልን!

ሙሰዲቅ፣

ጅቡቲ መሐል ከተማ ቆሜ እየሳቅኩ ነው የምጽፍልህ። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ጭር ብሎ የከረመ አንድ መንገድ አለ። ሠዓሊዎች በየሱቁ የብረት በር ላይ ሥዕል ሣሉበትና ይኸው ዛሬ ሰው ይተራመስበታል። ችግሩ ምን መሰለህ? ሱቁ ሲከፈት በሩ ወደ ላይ ይጠቀለልና ሥዕሉ ይጠፋል! አብዱላሂ የሚባል የድሬ ልጅ እዚህ ሽርጥ ይሸጣል፤ በሩ ላይ ባሕር ውስጥ የሚዋኝ ግመል አለ። ሰዉ ሽርጡን ይገዛና "አሁን ዝጋልን!" ይለዋል። እኛ ጋ ነጋዴን ዝጋ ማለት እርግማን ነው። እሱ ግን እየሳቀ በሩን ያወርደዋል። "ድሮ ክፈት የሚለኝ እንኳ አልነበረም" አለኝ።

አንተ የሚታተም ባነር መጣ ብለህ የሱቅ ታፔላ መሣልህን ስትተው "ከእንግዲህ የእጅ ሥዕል ማን ያያል?" ብለኸኝ ነበር። ከአብዱላሂ ጎን አንድ በር ባዶውን ቀርቷል። የሱቁን ባለቤት ውዳድን "ለዚህ የሚሆን ሠዓሊ ድሬ አለኝ" አልኳት። "ይምጣ፣ እዘጋለታለሁ" አለች።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ዓዚዛንና ልጆቹን ሳምልኝ። ብሩሽህን ያዝና ና አቦ፣ ሱቋን አስዘጋት!

ሚናስ