ያልላክሁልዎ ጠብታ

ውድ አባባ፣

ሰላምታዬ እኔ ከመምጣቴ በፊት ደጃፍዎን አንኳኩቶ ይግባ። እንዴት ሰነበቱ? የጉልበትዎ ቁርጥማትስ ለቀቀዎ? ምግቡ ወረቀት ወረቀት አለኝ እያሉ ግማሹን እንደሚተዉት እማዬ ነግራኛለች፤ እባክዎ ለእኔ ሲሉ ይጉረሱ። እኔ ደህና ነኝ፤ የጎደላችሁኝ እናንተ ብቻ ናችሁ።

ባለፈው በስልክ፣ «አንቺ እዚያ ቀኑን ሙሉ የአይጥ አፍንጫ ስታገላብጪ ትውያለሽ፤ የአባትሽ አፍንጫ ምን በደለሽ?» ሲሉኝ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወራቱን ቆጠርኩ። ያ ክፉ ጉንፋን ማሽተቱን ከነጠቀዎ ስምንት ወር ሊሞላው ነው። ማጣበቂያው እሳት ላይ ሲያርር ሳይሸትዎ ቀርቶ ሥራ ቤቱ ሊቃጠል ነበር፤ ወንድሜም ከዚያ ወዲህ እንዳይገቡ ከለከለዎ። እንጨትን በማሽተት የሚለይ አናጺ አሁን በር ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ሲቆጥር ይውላል።

ሥራዬን አንድም ቀን በወጉ አስረድቼዎ አላውቅም። አፍንጫችን ውስጥ፣ ከላይ ጣሪያው ላይ፣ ሽታ የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። ሽታውን የሚይዙት ሴሎች ብቻቸውን አይቆሙም፤ በመካከላቸው ደጋፊ ሴሎች አሉ። እነዚህ ራሳቸው አያሸቱም፤ ጎረቤቶቻቸውን ደግፈው ይይዛሉ፣ ቆሻሻውንም ያነሳሉ። ሰውነት ደግሞ ፔፕታይድ የሚባሉ ጥቃቅን የፕሮቲን ቁራጮችን እንደ መልእክተኛ ይልክባቸዋል። እኔ የአይጡን ሽፋን ስስ አድርጌ እቆርጥና፣ መልእክት ሲደርሳቸው የሚያበራ ቀለም አጠጥቼ፣ ከመልእክተኞቹ አንዱን ጠብ አደርግበታለሁ። በማይክሮስኮፕ ሳይ ደጋፊዎቹ እየተቀባበሉ ቦግ ቦግ ይላሉ። አለቃዬ ፕሮፌሰሯ ይህ መልእክት የሞቱትን የሚተኩ አዳዲስ ሴሎች እንዲወለዱ ያግዛል ብለው ይጠረጥራሉ። ገና ግን አላረጋገጡም።

እኔ ደግሞ ያንን «ገና» መስማት አልፈለግሁም። አባባ፣ አይቆጡኝ። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ከዚያ መልእክተኛ አንዲት ብልቃጥ በበረዶ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ወደ እናንተ የምትመጣ ነርስ ስለነበረች በእሷ ልልክልዎ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ በረዶው ቀልጦ ጭኔን ሲያረጥበኝ ብልቃጧን አውጥቼ አየኋት። ላይዋ ላይ «ለሰው አይሰጥም» ይላል፤ የገዛ እጅ ጽሑፌ ነው። እርስዎ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ተንጋለው፣ እማዬ አፍንጫዎ ውስጥ ስታንጠባጥብ ታየኝ። ልጄ ላከችው ብለው አንድም ነገር ሳይጠይቁ ነበር የሚቀበሉት። ያስፈራኝ እሱ ነው። በሚቀጥለው ፌርማታ ወርጄ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ፕሮፌሰሯ አልወጡም ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ተቀበሉኝና «ሁለተኛ ብቻሽን አትከፍቺውም» አሉኝ። ከዚያ ወንበር ሳቡልኝና፣ «አባትሽ የሚሠሩት በምን ዓይነት እንጨት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። እዚህ ስለ እርስዎ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ጥድ ሲልጉ የሚበተነውን ፍቅፋቂ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ሽታውን ላስታውስ ብል ግን እምቢ አለኝ። የእኔ አፍንጫ ጤነኛ ነው አባባ፤ የራቅሁት እኔ ነኝ።

የመከሩኝ ነገር ቀላል ነው። የጥድ ፍቅፋቂ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅርንፉድ ያዘጋጁ። ጠዋትና ማታ አንድ በአንድ ያሽትቱ፤ ሲያሸቱም ድሮ እንዴት እንደነበር ያስቡ። ወራት ይፈጃል። ለአንዳንዱ ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ አይመለስም፤ አልዋሽዎትም። የአፍንጫ ሐኪምም ይይዎት። ወንድሜንም ለምኜዋለሁ፤ እሱ አጠገብዎ ካለ ሥራ ቤት ሊያስገባዎ ተስማምቷል። እሳቱን እሱ ይጠብቅ፣ መላጊያው የእርስዎ ነው።

እማዬን አገላብጠው ይሳሙልኝ። ወንድሜን፣ ከመለመኔ በፊት በስልክ ስለጮህኩበት ይቅር በላት ይበሉልኝ። ሚስቱ የላከችልኝ ሹራብ እጅጌው ትንሽ ቢረዝምም ሞቆኛል። የትንሿ የልጅ ልጅዎ ጥርስ ወለቀ ወይስ እንደተነቃነቀ ነው? ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊውም ሰላም ይበሉልኝ።

ጠዋት ጠዋት ሲያሸቱ ይደውሉልኝ። ዛሬም ምንም የለም ለማለትም ቢሆን ይደውሉልኝ፤ ድምፅዎን ልስማ።

ልጅዎ፣ «ምስማሬ» የሚሉኝ
ከተከራየኋት ክፍል፣ ኅዳር ፱ ቀን