የኋላውን በር የሚያውቅ መጽሐፍ

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ቲማቲሙን በሩዝ ሞልቼ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። ሙቀት። ቅጠል አይነቃነቅም።

ምሳ ላይ ወንድሜ አርጊሪስ ስልኩን አውጥቶ የደሴት ፎቶ ያሳየን ጀመር። ናክሶስ። አባባ ቀና ብሎም አላየ። ዳቦውን ዘይት እያስነካ፣ "ዘንድሮ ኤቫንቲያ ትምራን" አለ።

"እሷ? ጫማ ለመምረጥ ሳምንት የሚፈጅባት?"

"አንተ ዐምና መርጠህ እኔ ባሕሩን በመኪና መስኮት አየሁት። ዘንድሮም መኪና ውስጥ ከተቀመጥኩ፣ ከእንግዲህ የትም አትውሰዱኝ።"

ናክሶስ ጸደቀ፤ እዚያ የት የት እንደምንውል ግን የምመርጠው እኔ ነኝ። ግራ እግሩ ከደከመ ወዲህ አባባ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። በገዛ እግሩ ባሕር ውስጥ መግባት።

ለምን እኔ?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13

መጻሕፍት መደብር። ስለ ናክሶስ ሦስት የጉዞ መጽሐፍ አላቸው። ሦስቱም ሽፋናቸው ላይ "አስተማማኝ" ብለዋል። ያላየሁትን አገር የሚያወራ መጽሐፍ በምን አምነዋለሁ? አንዱን አነሳሁ፣ መለስኩ። ሌላውን አነሳሁ... ላብ አጠመቀኝ። ሻጩ "ልርዳሽ?" አለኝ። አይ፣ ዝም ብዬ ነው።

ከዚያ መጣልኝ። ስለማላውቀው ሳይሆን ስለማውቀው ልጠይቃቸው! ሦስቱም አሳታሚዎች ስለ እኛ ተራራማ አገር ያወጡት መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አለ። የራሴን ከተማ ገለጥኩ።

ሽፋኑ ቢጫ የሆነው አንድ ካፌ ያወድሳል። ካፌው ድሮ ተዘግቶ አሁን ጎማ ይሸጥበታል። ለቀዩ ሁሉም ነገር "ውብ" ነው፤ የአውቶቡስ መናኸሪያችን ሳይቀር። ሰማያዊው ፎቶ የለውም። ወረቀቱ የጋዜጣ። ስለ ቤተ መጻሕፍታችን ግን እንዲህ ይላል፦ "የፊቱ ደረጃ ለደካማ እግር ይከብዳል። በግቢው ዞረው የኋላውን በር ያንኳኩ።"

አባባን የማስገባበት በር! እኛና ዘበኛው ብቻ የምናውቀው ይመስለኝ ነበር።

የናክሶሱን ሰማያዊ ገዛሁ። እስከ ቤት ደረቴ ላይ አቅፌው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 25

አንድ በር ያወቀ፣ ባሕርንም ያውቃል ማለት ነው?

ሰኞ፣ ኦገስት 12

መርከብ ላይ። አርጊሪስ መጽሐፉን ከእጄ ነጥቆ አገላበጠው። "ፎቶ የለው፣ ካርታው እንደ ጉንዳን እግር... እሜቴ፣ የጸሎት መጽሐፍ ነው እንዴ የገዛሽው?" አባባ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ረቡዕ፣ ኦገስት 14

ነፋስ። ሜልቴሚ ነው፣ የበጋው የሰሜን ነፋስ። የሆቴሉን ወንበሮች እያንከባለለ።

መጽሐፉ፦ "ሜልቴሚ ሲነሳ ወደ ሰሜኑ የባሕር ዳርቻ አይሂዱ።" ነገርኳቸው። በቀስታ። እንደ ሁልጊዜው በቀስታ... አርጊሪስ "ነፋስ ፈርተን ልንቀር ነው?" ብሎ ነዳ። ስልኩ ላይ ያማረ የባሕር ዳርቻ አይቷል። ስንደርስ ገደል፣ ደረጃ፣ ዓይን የሚሞላ አሸዋ። አባባ መኪና ውስጥ ቀረ። መስኮቱን እንኳ አልከፈተም። ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ "ወደ ቤት መቼ ነው?"

እራት ላይ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አነሳሁ። "ነገ የምነዳው እኔ ነኝ።"

የእኔ ድምፅ ነበር?

ሐሙስ፣ ኦገስት 15

የእመቤታችን በዓል። ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ደቡብ። መጽሐፉ፦ "ከትንሿ ጸሎት ቤት ጀርባ መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ባሕሩም ቀስ ብሎ ነው የሚጠልቀው። ግን ከክረምቱ ጎርፍ ወዲህ አልሄድኩበትም፤ ሰው ይጠይቁ።"

አልሄድኩበትም ብሎ የሚናገር መጽሐፍ! መሪውን ወደ ጸሎት ቤቱ አዞርኩ።

ጸሎት ቤቱ ደጃፍ የበዓል ዳቦ የሚያድሉ አሮጊት ነበሩ። ሞስኹላ ይባላሉ። ጠየቅኳቸው።

"ማነው ይህን መንገድ የነገረሽ፣ ልጄ?"

"መጽሐፍ ነው፣ እማማ።"

"ደግ መጽሐፍ ነው። ጎርፉ ድንጋይ ከምሮበት ነበር፣ አንስተነዋል። ይልቅ ሽማግሌውን አምጪው። ዳቦውን ይቅመስና ይግባ።"

ነፋሱ ከተራራው ማዶ ቀርቷል። ውሃው ዝም። አርጊሪስ ክንዱን ሊይዘው ሲል አባባ "ልቀቀኝ!" አለው። ዱላውን ለእኔ ሰጠኝ። ቁርጭምጭሚት። ጉልበት። ቆመ... ይውደቅ ይሆን? ወገብ። ከዚያ በጀርባው ተንጋለለና እንደ ሕፃን ጮኸ፦

"ልጆች! ጨው ነው! አሁንም ጨው ነው!"

አርጊሪስ ከነሸሚዙ ገባ። እኔ ዱላውን ወደ ሰማይ ይዤ እጮሃለሁ። ምን ብዬ እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 28

ቤት ገብተናል። ዝናብ ዝናብ ይሸታል።

ጠዋት አርጊሪስ ደወለ። ጉሮሮውን ጠራረገ። "ኤቫንቲያ... ስለ ኪዮስ ደሴት ያ ሰማያዊሽ ምን ይላል?" አይቼ እነግርሃለሁ አልኩት። አልቸኮልኩም። ትንሽ ይጠብቅ!

ከሰዓት አባባን ወደ ቤተ መጻሕፍት ወሰድኩት። በግቢው ልዞር ስል ቆመ።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ኋላ በር ነዋ።"

"እሱን ለመጽሐፍሽ ተዪለት።"

የደረጃውን ብረት ያዘ። አንድ። ረፍት። ሌላ... እጄን ዘረጋሁ፣ መልሼ ሰበሰብኩ። ላይ ደርሶ ዞረ። ፊቱ በላብ ወዝቷል።

"ምን ቆመሽ ትመርጫለሽ? ነይ እንጂ!"

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት።